የኪሊማንጃሮ በረዶ በፎቶግራፍ ይለካልን?

መነሻ ጽሑፍ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሳስተምር የኪሊማንጃሮን አናት ከሳተላይት የሚያሳዩ ሁለት ምስሎችን ለተማሪዎቼ አቀረብሁ፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1993፣ ሁለተኛው በፌብሩዋሪ 21 ቀን 2000 የተነሡ ናቸው። በመጀመሪያው ምስል ተራራው ነጠላ የተከናነበ ይመስላል፤ በሁለተኛው ግን ከጥቂት ነጭ ቁርጥራጮች በቀር የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ነው። እኔም የአፍሪካ ረጅሙ ተራራ በ7 ዓመት ውስጥ በረዶውን አጣ ብዬ አስረዳሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ የመጀመሪያው ምስል በተነሣበት ሰሞን በረዶ ጥሎ ከሆነስ በምን እናውቃለን ስትል ጠየቀችኝ። ሁለቱም የተነሡት በአንድ ወር ስለሆነ ንጽጽሩ ትክክል ነው ብዬ መለስሁላት፤ መልሱ ግን ራሴንም አላረካኝም።

ስለዚህ ለዚህ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ አባላት ሐሳቤን ላቅርብ። በተመሳሳይ ወቅት የተነሡ ሁለት ምስሎች የግግር በረዶን መሳሳት ለማሳየት በቂ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ባለሙያዎቹ ከዓመት ዓመት የሚለኩት ምንድን ነው? ስፋቱን ነው፣ ርዝመቱን፣ ውፍረቱን ወይስ ክብደቱን?

ከዚህ በኋላ 26 መልሶች መጡ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ተከታታይ፣ ረጅም ስለሆነና አንዳንዱ መልስ የቀደመውን ሳያዩ የማይገባ ስለሆነ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ኪሊማንጃሮን ከወጡ አንድ አባል ነው። በአናቱ አጠገብ ያለው የበረዶ ግድግዳ መሪያቸው በወጣትነቱ ያውቀው ከነበረው እጅግ ማነሱን እንደነገራቸው ጠቅሰው ከእኔ ጋር ተስማሙ። ምስክርነቱ ዋጋ አለው፤ መለኪያ ግን አይደለም።

2ኛው መልስ የመጀመሪያው እርማት ነው። ጸሐፊዋ በስዊዘርላንድ የሚኖሩ፣ ሃይድሮሎጂ የተማሩና በተማሪነታቸው ከለኪ ቡድኖች ጋር ወደ አልፕስ ተራሮች የወጡ ኢትዮጵያዊት ናቸው። በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ ትክክለኛዋ ተማሪዬ ናት። በ1993ቱ ምስል ላይ ከሚታየው ነጭ ነገር አብዛኛው በዚያው ሰሞን የወረደ የወቅት በረዶ እንጂ ለዘመናት የተከማቸ ግግር አይደለም። ኪሊማንጃሮ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 3 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ እንደ አውሮፓ ተራሮች በረዶ የሚወርድበት አንድ የተወሰነ ክረምት የለውም። ዋነኞቹ የዝናብ ወቅቶች ከማርች እስከ ሜይና ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ቢሆኑም፣ በመካከሉ በሚመጣ ደመና አናቱ በአንድ ሌሊት ሊነጣ፣ በጥቂት ቀናትም ተመልሶ ሊጠቁር ይችላል። ወሩ አንድ መሆኑ ንጽጽሩን አያድነውም። ተገቢው ንጽጽር የወቅቱ በረዶ በሌለበት ጊዜ የግግሩን ጠርዝ ብቻ በካርታ ማስፈር ነው። ኤድዋርድ ኦይለርና ፍሪትዝ ክሉተ እ.ኤ.አ. በ1912 ካደረጉት ጉዞ በተገኘው ካርታ መሠረት የተራራው ግግር ከ11 እስከ 12 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር፤ በ2011 ሲለካ የተገኘው 1.76 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። የደረስሁበት ድምዳሜ እውነት ሆኖ ያቀረብሁት ማስረጃ ስሕተት ነበር፤ ይህ ደግሞ ለመምህር ቀላል ነገር አይደለም። በመጪው ዓመት አንድ ተማሪ ነጭ ሆኖ የታየበትን ፎቶግራፍ ይዞልኝ ቢመጣ፣ በማስረጃዬ መውደቅ እውነቱም አብሮ ይወድቅ ነበር።

3ኛው መልስ ስለ ቃል ነበር። በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ በማቀዝቀዣ የሚረጋውንም፣ በተራራ ላይ ለሺህ ዓመታት የኖረውንም በአንድነት በረዶ እንላቸዋለን፤ ጸሐፊው ለስላሳውን ብናኝ አመዳይ ብንለው ግራ መጋባቱ ይቀር ነበር አሉ። 4ኛው መልስ ወዲያው ተቃወመ፤ በሰሜን ሸዋ ደጋ አመዳይ ማለት ጠዋት በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው፣ ገብሱን የሚያቃጥለው ነገር እንደሆነ፣ ከውርጭም ጋር የሚሄድ እንደሆነ አስረዱ። መጀመሪያ ላይ ክሩ ከጉዳዩ የወጣ መስሎኝ ነበር፤ ሆኖም የስሕተቴ ሥር እዚህ መሆኑን ቆይቼ ተረዳሁ። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ቃል ስጠራቸው በዓይኔም አንድ አድርጌ አያቸው ነበር። ከዚያ በኋላ አባላቱ ሁሉ በየጊዜው የሚወርደውን የወቅት በረዶ፣ ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ ተደራርቦና ተጨቁኖ የጠጠረውንና በራሱ ክብደት ቁልቁል የሚንሸራተተውን ግግር በረዶ ማለት ጀመሩ።

5ኛው መልስ አጭር ነበር፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው እርሱ ነው። ጎጃም የተወለዱ አንድ የሂሳብ መምህር፣ ስፋትን ለክቶ የግግርን መጠን አውቄአለሁ ማለት የጎተራውን ዙሪያ ለክቶ ስንት ቁና እህል እንዳለ እንደመናገር ነው አሉ። ጎተራው በውጭ ሲያዩት እንዳለ ሆኖ ውስጡ ግማሽ ሊደርስ ይችላል፤ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከአውድማ የገባውንና ለወፍጮ የወጣውን መቁጠር፣ አለዚያም ክዳኑን አንሥቶ ጥልቀቱን መለካት አለበት።

6ኛው መልስ ይህንኑ ምሳሌ ተቀብሎ አብራራው። የስዊዘርላንዷ አባል እንደጻፉት የባለሙያዎቹ ሥራ በእርግጥም የገቢና የወጪ መዝገብ ነው። በአውሮፓ ፀደይ፣ በኤፕሪል ወይም በሜይ፣ በክረምት የወረደው የወቅት በረዶ ጥልቀት በረጅም ዘንግ እየተወጋ በብዙ ቦታ ይለካል፤ ጉድጓድ ተቆፍሮም የበረዶው እፍጋት ይመዘናል። ይህ ገቢው ነው። እፍጋቱን መመዘን ያስፈለገው አዲስ የወረደ በረዶ በአንድ ሜትር ኪዩብ 100 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ሲመዝን የጠጠረው ግግር ወደ 900 ስለሚደርስ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ቢቀልጥ ስንት ውኃ ይወጣዋል ተብሎ ወደ ውኃ አቻ ይመለሳል። ወጪው ደግሞ በእንፋሎት መሰርሰሪያ ግግሩ ውስጥ በጥልቀት በሚተከሉ እንጨቶች ይለካል። የበጋው ማብቂያ ላይ፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ቡድኑ ተመልሶ እያንዳንዱ እንጨት ከበረዶው በላይ ስንት ሜትር እንደወጣ ይመዘግባል። የመለኪያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ይጀምራል፤ ከገቢው ወጪው ሲቀነስ የዓመቱ ሚዛን ይገኛል።

በ7ኛው መልስ አንድ ወጣት አባል፣ የግግሩን ጫፍ ከአንድ ድንጋይ ተነሥቶ በሜትር መለካት አይቀልምን ብሎ ጠየቀ። የስዊዘርላንዷ አባል በ8ኛው መልስ ይህም ጥንታዊና ጠቃሚ ዘዴ መሆኑን አመኑ። በአውሮፓ ድንጋይ ላይ ቀለም እየተቀባ ከዚያ እስከ በረዶው ጫፍ ያለው ርቀት ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ሲለካ ኖሯል፤ በስዊዘርላንድ ባለው የሮን ግግር ላይ የተደራጀ ቅየሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው፤ የየአገሩን ልኬት በአንድነት የሚሰበስብ ዓለም አቀፍ ኮሚሽንም በ1894 ዙሪክ ላይ ተቋቁሟል፤ ዛሬ ሥራውን እዚያው ዙሪክ ያለው የዓለም ግግር በረዶ ክትትል አገልግሎት ይመራዋል። ችግሩ ጫፉ ወሬውን ዘግይቶ የሚሰማ መሆኑ ነው። እንደ አሌች ያለ በአልፕስ ረጅም የሆነ ግግር ከላይ ያጣውን በረዶ ጫፉ ላይ የሚያሳየው ከአሥርታት በኋላ ሲሆን፣ ትንሹ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምላሽ ይሰጣል። እንጨቱ የዘንድሮውን ይናገራል፤ ጫፉ የአባቶችን ዘመን። ጸሐፊዋ ከራሳቸው ገጠመኝም አንድ ነገር ጨመሩ። በተማሪነታቸው በፀደይ ወቅት ሲተክሉት አናቱ ከበረዶው ጋር እኩል የነበረውን እንጨት በሴፕቴምበር ተመልሰው ሲያገኙት ከቁመታቸው በላይ ቆሞ ነበር። ቁጥሩን በመዝገብ ሲጽፉ እጃቸው ስለቀዘቀዘ ሳይሆን ስለደነገጡ ሁለት ጊዜ እንደጻፉት ተናገሩ።

9ኛው መልስ ከናይሮቢ ነበር፤ ወደ እኛው አህጉርም መለሰን። በኬንያ ተራራ ያለው የሉዊስ ግግር በምድር ወገብ አካባቢ ካሉት ሁሉ በላይ በዝርዝር የተለካ ነው። ካርል ትሮልና ካርል ቪን እ.ኤ.አ. በ1934 ካርታውን አነሡት፤ ሽቴፋን ሃስተንራት ደግሞ ከ1978 እስከ 1996 በእንጨት የዓመት ሚዛኑን ተከታተለ። ከዚያ መዝገቡ ተቋረጠ። በ2010 ከኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ ተመራማሪዎች በራዳር ውፍረቱን ሲለኩ በአማካይ 18 ሜትር ያህል ብቻ ቀርቶት አገኙት፤ ከ1934ቱ ካርታ ጋር ሲነጻጸርም ከመጠኑ 90 በመቶው ጠፍቶ ነበር። ጸሐፊው ያሳሰባቸው የተቋረጡት 14 ዓመታት ናቸው። ካርታን ከካርታ ቀንሶ በ14ቱ ዓመታት በጠቅላላው ስንት እንደጠፋ ማወቅ ይቻላል፤ የትኛው ዓመት ክፉ፣ የትኛው ደኅና እንደነበረ ግን ከእንግዲህ በእንጨት የሚያውቅ የለም። ያልተለካ ዓመት ተመልሶ አይለካም።

እኔ ይህን መልስ የክሩ ልብ አድርጌ ቈጥሬዋለሁ። ስለ መሳሪያ ትክክለኛነት ብቻ ስጠይቅ ቆይቼ፣ ከመሳሪያው ይልቅ በአንድ ቦታ ሳይታክቱ መመላለስ ዋጋ እንዳለው ያስተዋልሁት እዚህ ላይ ነው።

10ኛው መልስ የውይይቱን ድምፅ ለወጠው። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት የኪሊማንጃሮ በረዶ ከ2015 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ፈጽሞ ይጠፋል ብሎ እንደነበረ፣ የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነልም በ2007 ሪፖርቱ የሂማሊያ ግግሮች በ2035 ሊጠፉ እንደሚችሉ ጽፎ በኋላ እንዳነሣው አስታወሱ። ስለዚህ ከላይ የተዘረዘረው ቁጥር ሁሉ ሰው የፈለገውን የሚያስነግርበት ነው፤ መምህሩም ያልተጣራ ነገር ለልጆች ማስተማራቸውን ያቁሙ አሉ። ቃሉ ሻካራ ነበር፤ የጠቀሷቸው ሁለቱ ነገሮች ግን እውነት ነበሩ።

11ኛው መልስ በቁም ነገር የመወያየቱን ዕድል አበላሸው። ጸሐፊው ከእርስዎ ወደ አንተ ወርዶ፣ የ10ኛውን ባለቤት ዕውቀት በሚያንኳስስ ቃል መለሰ። 12ኛው መልስ የዚያው የ10ኛው ጸሐፊ ነበር፤ ቁጣውም የባሰ ነበር። በ13ኛው አወያዩ ገብተው፣ በዚህ መድረክ የማይተዋወቁ ሰዎች በእርስዎ እንደሚነጋገሩ አሳስበው፣ ስድብ ያለበትን አንቀጽ አነሡ። ትክክል አድርገዋል ብዬ አምናለሁ፤ ተጠራጣሪውን ማዋረድ ጥርጣሬውን አያነሣውምና።

14ኛው መልስ ለ10ኛው የሚገባውን መልስ ሰጠ። የሂሳቡ መምህር ናቸው። በመጀመሪያ ልኬትና ትንበያ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ለዩ፤ የተለካው የትናንት ነው፣ የተተነበየው የነገ ነው። የ2002ቱ ጥናት ከ1912 እስከ 2000 የነበረውን የስፋት መቀነስ 80 በመቶ ብሎ የለካው ዛሬም አልተሻረም፤ የተሳሳተው መስመሩን ቀጥ አድርጎ ወደፊት በማስረዘሙ ነው። 2035 የሚለው ቁጥር ግን ከመነሻውም ከልኬት የመጣ አልነበረም፤ በባለሙያ ሳይመረመር ከሌላ ጽሑፍ የተወሰደ ነበር፤ ፓነሉም በጃኑዋሪ 2010 ስሕተቱን አምኗል። ስሕተትነቱን ያጋለጠውም ልኬቱ ራሱ ነው። ውፍረቱ በመቶ ሜትር የሚቆጠር ግግር በዓመት አንድ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች እየሳሳ በ28 ዓመት ሊያልቅ እንደማይችል ማንም በወረቀት ላይ ማስላት ይችላል። 15ኛው መልስ የ10ኛው ጸሐፊ ነው፤ ይህን ልዩነት እንደሚቀበሉ፣ ነገር ግን ትንበያው በትልቅ ርዕስ ወጥቶ እርማቱ በትንሽ መስመር መውጣቱ ሕዝብን እንደሚያሳስት ጻፉ። በዚህ ከእርሳቸው ጋር ነኝ።

16ኛውና 17ኛው መልሶች ስለ ምክንያቱ ተከራከሩ። 16ኛው የኪሊማንጃሮ አናት 5,895 ሜትር ላይ ስለሆነ የአየሩ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ከዜሮ በታች እንደሚውል፣ ታዲያ በረዶው በሙቀት ቀለጠ ማለት እንዴት እንደሚቻል ጠየቀ። 17ኛው ጸሐፊ የፊዚክስ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ እንፋሎት የሚለወጥበትን ሰብሊሜሽን የሚባለውን ሂደት አስረዱ። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ሲበቃ፣ በቀጥታ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2,830 ያህል ያስፈልጋል፤ 8 እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ጌኦርግ ካዘር፣ ቶማስ ሞልግና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ምሥራቅ አፍሪካ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እየደረቀ በመሄዱ በተራራው ላይ የሚወርደው የወቅት በረዶ አነሰ፤ ነጭ ሽፋን ሲያንስ አሮጌው በረዶ ይጠቁራል፣ የጠቆረው ደግሞ የፀሐይን ጨረር ይበልጥ ይውጣል። ቀጥ ብለው የቆሙት የበረዶ ግድግዳዎች ከጎናቸው እየተበሉ የሚሸሹት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ማለት ግን የዓለም ሙቀት መጨመር ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ ጸሐፊው አስጠነቀቁ፤ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ከሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ጋር የተሳሰረ ነውና። እኔ ለክፍል ያዘጋጀሁት ማስታወሻ ሙቀት ጨመረ፣ በረዶ ቀለጠ የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። እንጨት ስንት እንደጠፋ ይናገራል እንጂ ለምን እንደጠፋ አይናገርም፤ ለዚያ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 በሰሜናዊው የበረዶ ሜዳ ላይ እንደተከሉት ያለ፣ ጨረርን፣ እርጥበትንና ነፋስን የሚመዘግብ ጣቢያ ያስፈልጋል።

18ኛው መልስ፣ ሳተላይት ባለበት ዘመን እንጨት መትከል ለምን አስፈለገ የሚል ነበር፤ ብዙዎቻችን በልባችን የያዝነው ጥያቄ ነው። 19ኛው መልስ በዝርዝር አብራራ። ከ2002 እስከ 2017 ግሬስ የተባሉት መንታ ሳተላይቶች፣ ከ2018 ወዲህም ተተኪዎቻቸው፣ የምድርን የስበት ለውጥ በመከታተል በረዶን እንደ ሚዛን ይመዝናሉ፤ ነገር ግን የሚያዩት በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚሰፋ አካባቢን በአንድነት ስለሆነ ኪሊማንጃሮን ለይተው አይመዝኑም። ሌላው መንገድ ከሁለት አቅጣጫ በተነሡ ምስሎች የግግሩን ገጽ ከፍታ መሥራት፣ ከዓመታት በኋላም እንደገና ሠርቶ መቀነስ ነው። በዚህ መንገድ በዓለም ያሉ ከ217 ሺህ በላይ ግግሮች ተመርምረው ከ2000 እስከ 2019 በየዓመቱ በአማካይ 267 ቢሊዮን ቶን በረዶ ማጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ይሁንና ከፍታ ክብደት አይደለም። የጎደለውን ሜትር ኪዩብ ወደ ክብደት ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ በሜትር ኪዩብ 850 ኪሎ ግራም የሚል እፍጋት ይወሰዳል፤ ይህ ግምት ለአጭር ጊዜ ሲሆን ሊያሳስት ይችላል፤ የሚስተካከለውም ተራራ ላይ ወጥቶ በተመዘነ በረዶ ነው። ሳተላይቱ እንጨቱን አልተካውም፤ በእንጨቱ ይታረማል፤ እንጨቱም በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ ስለሚቆም በሳተላይቱ ይታረማል።

20ኛው መልስ 267 ቢሊዮን ቶን ምን ያህል እንደሆነ ለሚቸገር አንባቢ ልኬት ሰጠ። የህዳሴው ግድብ ሲሞላ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ስለሆነ፣ የዓለም ግግሮች በየዓመቱ ያጡት ውኃ ግድቡን ከ3 ጊዜ ተኩል በላይ ይሞላል። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ግድቡ ከተጠራ በኋላ ግን 21ኛው መልስ ወደ ዓባይ ሄደ፤ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ያሉት የሩዌንዞሪ ተራሮች በረዶ ወደ ነጭ ዓባይ ስለሚፈስ መጥፋቱ ወንዙን ያደርቀዋል የሚል ሥጋት አቀረበ። የስዊዘርላንዷ አባል በ22ኛው በአጭሩ መለሱ። ጣሊያናዊው አሳሽ የአብሩዚው መስፍን እ.ኤ.አ. በ1906 ሩዌንዞሪን ሲያስሱ የነበሩት ግግሮች በ2003 ወደ 1 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ወርደዋል፤ ነገር ግን ከዚያ ተራራ የሚወርዱትን ወንዞች የሚሞላው ዝናቡ ነው፤ የበረዶው ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው፤ የዓባይ አብዛኛው ውኃም ከኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ የሚመጣ ነው። በሌላ አገር፣ ለምሳሌ በመካከለኛው እስያ፣ ነገሩ የተለየ መሆኑንም አልሸሸጉም።

23ኛው መልስ የጂኦሎጂ ምሩቅ የሆኑ አባል ነው፤ ከርዕሱ የራቀ ይመስላል፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የቀረበኝ ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ ግግር በረዶ የለም፤ በሰሜን ተራሮች አናት አልፎ አልፎ የሚታየው የወቅት በረዶ ነው። በባሌ ተራሮች ግን፣ በሳነቴ አምባ ላይና በቶጎና ሸለቆ፣ ግግር ገፍቶ የከመራቸው የድንጋይና የአፈር ክምሮች እስከ ዛሬ አሉ። ተመራማሪዎች ከድንጋዮቹ ቁራጭ ወስደው፣ ድንጋዩ ከበረዶ ሥር ወጥቶ ለሰማይ ከተጋለጠ ጀምሮ በጠፈር ጨረር ምክንያት በውስጡ የተጠራቀመውን ክሎሪን 36 የተባለ የክሎሪን ዓይነት በመለካት፣ የባሌ ግግሮች እጅግ ሰፍተው የነበሩት ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ደርሰውበታል። መለኪያ የሚተክል ሰው ባልነበረበት ዘመን ድንጋዩ ራሱ መዝገብ ሆኖ ቆይቷል። ባሌን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ያን ክምር የወንዝ ሥራ ነው ብዬ አልፌው ነበር።

በ24ኛው መልስ የ10ኛው ጸሐፊ ተመልሰው መጡ፤ አሁን ግን ጥያቄ ይዘው ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የአልፕስ ግግሮች ወደፊት ገፍተው እንደነበረ አንብበዋል፤ ይህ ከመሳሳቱ ታሪክ ጋር እንዴት ይታረቃል? በክሩ ውስጥ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ የበሰለው ይህ ይመስለኛል፤ ሰውየውን በስድብ አባርረናቸው ቢሆን ኖሮ አናገኘውም ነበር። 25ኛው መልስ የስዊዘርላንዷ አባል ነው። መግፋታቸው እውነት መሆኑን፣ የተመዘገበውም የመሳሳቱን ታሪክ በመዘገቡት በእነዚያው ለኪዎች እጅ መሆኑን ጻፉ። ከ1850 ገደማ ጀምሮ ካለው ረጅም ማፈግፈግ ውስጥ የቀዘቀዙና በረዶ የበዛባቸው ጥቂት ዓመታት አጭር መመለስ አስከትለዋል፤ በስዊዘርላንድ ባለው የክላሪደን ግግር ላይ ከ1914 ጀምሮ የሚለኩት እንጨቶችም ደጉንም ክፉውንም ዓመት ይዘዋል። ይህን ያህል የረዘመ መዝገብ ስላለ ነው እ.ኤ.አ. በ2022 የስዊዘርላንድ ግግሮች ከመጠናቸው 6 በመቶ፣ በ2023 ደግሞ 4 በመቶ ሲያጡ ነገሩ ከልማድ የወጣ መሆኑ ያለ ጥርጥር የታወቀው። አንድ ጥንቃቄም አከሉ። ግግር ዝቅተኛውንና ሞቃቱን፣ ምላስ የሚባለውን ጫፉን ሲያጣ የሚቀረው ከፍተኛውና ቀዝቃዛው ክፍል ስለሆነ፣ የቀረውን አማካይ ብቻ ያየ ሰው ግግሩ ያገገመ ሊመስለው ይችላል፤ ስለዚህ ሚዛኑ ሁልጊዜ ከስፋቱ ጋር አብሮ መነበብ አለበት። ሲጠፋ ደግሞ መዝገቡም ይዘጋል። የፒዞል ግግር ተሰባብሮ ስላለቀ በ2019 ከክትትሉ ወጥቷል፤ በቅድስት አና ግግር ላይ ይደረግ የነበረው ልኬትም በ2023 ቆሟል።

ይህን ካነበብሁ በኋላ በመነሻው ጽሑፍ ላይ ካሉት ሁለት ምስሎች ሥር የወቅት በረዶ እንደሚታይባቸው የሚገልጽ እርማት አስገብቻለሁ፤ ጥያቄዋን ላቀረበችው ተማሪም ትክክል እንደነበረች በጓደኞቿ ፊት ነግሬአታለሁ። አሁን ክፍሉ የ1912ቱንና የ2011ዱን የግግር ጠርዝ በአንድ ወረቀት ላይ እየሳለ ነው።

26ኛውና እስካሁን የመጨረሻው መልስ የናይሮቢው አባል ነው። የሉዊስ ግግር ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ወደዚያ እንደወጡና ጓደኞቻቸው ቀደም ሲል በበረዶ ላይ ሲራመዱ ፎቶግራፍ የተነሡበትን ስፍራ እንደፈለጉ ጻፉ። ስፍራውን አገኙት፤ ከእግራቸው በታች የነበረው ግን ጠጠርና ጥቂት የጨቀየ ውኃ ነበር። ከዚያ ተነሥተው እስከ በረዶው ጠርዝ ያለውን ርቀት በእርምጃ ቆጥረው፣ ቀኑን ጨምረው በማስታወሻቸው ላይ አስፍረዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሳምንት ተመልሰው ከዚያው ድንጋይ እንደሚጀምሩም ለመድረኩ ቃል ገብተዋል።